የጅማው ልጄ

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የባለቤቴ አጎት ጋሽ ወልዴ ቤቴል በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ቀብሩም በማግስቱ ስምንት ሰዓት እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ የበኩር ልጃቸው ጳውሎስ ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠራኝና፣ "የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍልን፤ ሥራህ ነው" አለኝ።

እውነት ነው፣ ሥራዬ ነው። ዜና ስጽፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ ቆጥሬው አላውቅም። የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ የልጆች ቁጥር፣ የሕመሙ ሁኔታ፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ያን ቀን ግን ከድንኳኑ ጀርባ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን መስመር ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። ሰውየውን ጠልቼ አይደለም። በእኔና በእሳቸው መካከል ያልታረመ ነገር ስለነበረ ነው፤ ያ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

ያ ነገር ሲደርስ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጅማ ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ጀማሪ ዘጋቢ ነበርኩ። ምሕረት፣ የዛሬዋ ባለቤቴ፣ እዚያው ከተማ ሒሳብ ታስተምር ነበር። ተወልዳ ያደገችው ኮልፌ ነው። ቤተሰቦቿ ከከፋ መጥተው ኮልፌ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው፤ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም ይሸጣሉ። አባቷ ገና በልጅነቷ ስለሞቱ በአባት ቦታ የቆሙላት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ጋሽ ወልዴ በቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ማስታወቂያ የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው።

ማስታወቂያ ማንበብ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሊጋቡ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ስማቸው ሦስት እሑድ በተከታታይ በምእመናኑ ፊት ይነበባል። ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች እንዲያቀርብ ይነገራል። በመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ተጋቢዎቹ ራሳቸው ተገኝተው ከወንበራቸው ተነሥተው ይታያሉ። ጋብቻው ኮልፌ ካልታወጀ እናቷ አይመርቁም፤ እናቷ ካልመረቁ ምሕረት አታገባም። ይህንን ጅማ ላይ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ዓርብ ዋለ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ፈቃድ ጠየቅንና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጅማን በጉም ለቀን ጊቤ ስንደርስ ጃኬታችንን አውልቀን በመስኮት ሙዝ ገዛን። ወልቂጤ ላይ ክትፎ በላን። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ ታጭዶ የተከመረ እህል ብቻ ነበር፤ የጥር ፀሐይ ስታርፍበት ወርቅማ ነው። ምሕረት መንገዱን ሁሉ የኮልፌን ሰው ስም ታስጠናኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከጅማ ቤተ ክርስቲያኔ የተጻፈልኝ መሸኛ ደብዳቤ እንዳይጨማደድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። አየር ጤና ስንወርድ ለከተራ የወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ግማሹን በታክሲ፣ ግማሹን ሻንጣችንን ተሸክመን በእግራችን ሄደን ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ደረስን። ጫማዬ በአቧራ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። የወደፊት አማቴን በእንዲህ ያለ ጫማ ነው የተዋወቅኳቸው።

ዓርብ ምሳ የተሰናዳው በእናቷ በእትዬ ዘነበች ቤት ነው። ቡላ ገንፎ በቅቤና በማር፣ ቆጮ፣ ጎመን በሥጋ። ደብዳቤዬን ለጋሽ ወልዴ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። "ጥሩ ነው፤ እሑድ ማስታወቂያችሁን እናነባለን" አሉ። ከዚያ ማዕዱን እንድባርክ ጠየቁኝ። ባረክሁ። አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ትኩር ብለው ያዩኛል።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው?"

"ሬዲዮ ላይ ነዋ እትዬ!" አለች ምሕረት። "ጅማ እህትዎ ጋ ሲሄዱ ሰምተውት ይሆናል።"

"ቅዳሜ ከሰዓት?"

"አዎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት" አልኩ። ደስ አለኝ። ድምፄ ኮልፌ ድረስ መታወቁ ነው! ማንም ሳይጠይቀኝ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ "የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እትዬ አስቴር አልሳቁም። ቆጮ ቆርሰው ሳሕኔ ላይ ጨመሩልኝና፣ "ብላ እንግዲህ" አሉኝ።

ቅዳሜን ምሕረት ያደገችበትን ስታሳየኝ ዋለች። አጠና ተራ ወሰደችኝ፤ አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ በልጅነቷ ልጣጩን ለማገዶ ትለቅም የነበረው እዚያ ነው። ዘበኛው ሳያያቸው የሚሾልኩበትን የትምህርት ቤት አጥር አሳየችኝ፤ ቀዳዳው በቆርቆሮ ተደፍኗል። ገመድ ይዘልሉ የነበረበትን ሜዳ ፈልገን አጣነው፤ ቤት ተሠርቶበታል። የሆነ ቤት ግድግዳ ፊት ቆማ፣ "እዚህ ጋ ነበር" አለችኝ፤ እኔም ግድግዳውን በአክብሮት አየሁት።

ከዚያ የድሮ ጎረቤታቸው ወደነበሩ ቆርቆሮ ሠሪ ሱቅ ገባን። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያ እየበየዱ ነበር። እሷን አቅፈው ሳሟት፤ እኔን ግን እጄን ይዘው አልለቅ አሉ።

"ልጆች አሉህ?"

"ኧረ ገና ነው አባቴ፤ ሳንጋባ?"

"እሱማ ሰው ሳይጋባም ይወልዳል" አሉ ወደ ብየዳቸው እየተመለሱ። "ዋናው አለመካድ ነው።"

ምሕረት ከሱቁ ወጥተን ጥግ እስክንዞር አፏን ይዛ ቆይታ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። "አርጅተዋል" አለችኝ። እኔም አርጅተዋል ብዬ ተቀበልኩ። ጠዋት እናቷ ቤት የመጡት ሁለት ሴቶችም ስለ ልጆች አባትነት ረጅም ጸሎት ጸልየውልኝ ነበር። ለዘጋቢ የሚበቃ ፍንጭ ነው። አልገባኝም። በሰው ላይ የሚወራ ነገር ሲሸተኝ ወዲያው የምነቃ ሰው፣ ስለ ራሴ ሲወራ ቀኑን ሙሉ ለምልክቱ ሁሉ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ።

እሑድ ከፊት በሁለተኛው ረድፍ ተቀመጥን። ምሕረት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ እናቷ በቀኛችን ናቸው። መዝሙሩ አለቀ፣ ስብከቱም አለቀ። ጋሽ ወልዴ ወደ መድረኩ ወጥተው ወረቀታቸውን ዘረጉ። የሌሎችን የሁለት ጥንዶች ስም አነበቡ፤ ጥንዶቹ ተነሡ፣ እልል ተባለ። እኔም ለመነሣት የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ።

"ከጅማ የመጣው የወንድም ዳንኤል እና የእህት ምሕረት ማስታወቂያ" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ "ተቃውሞ ስለቀረበበት ለጊዜው ታግዷል። በመቀጠል፣ የሴቶች ጸሎት ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሆናል።"

በእነዚህ ቃላት ነው ያሉት። ያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩ ዛሬም አለኝ። የታገደው ጋብቻችንና የረቡዕ ጸሎት በአንድ ትንፋሽ ተነበቡ። ከኋላችን ወንበሮች ተንቋቁ፤ ሰው ሁሉ እኛን ለማየት አንገቱን እያሰገገ ነበር።  እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና በመካከለኛው መተላለፊያ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ቀጥ ብለው ወጡ።

ጋሽ ወልዴን ያገኘናቸው ከአዳራሹ ጎን ባለችው ቢሮ ውስጥ ነው።

"ማነው የተቃወመው?" አልኩ።

"የታመነ ሰው ነው።"

"ምን ብሎ?"

"ጅማ የሦስት ዓመት ልጅ አለህ። ከእናቱ ጋር ጥለኸዋል።"

ምሕረት ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችኝ፤ ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። "ለምን አልጠየቁትም አጎቴ? ከዓርብ ጀምሮ እዚሁ ነው።"

"ብንጠይቀው ይክዳል።"

እስከ ዛሬ በንዴት የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አብሬያቸው በላሁ። ገንፎ ጨመሩልኝ፣ እጄን አስታጠቡኝ፣ ጸለዩልኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ "ልጄ፣ እንዲህ ይባላል፤ እውነት ነው?" አላለኝም። መልሱ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እንግዳን በማዕድ ላይ መጠየቅ ነውር ነው፤ በአራት መቶ ሰው ፊት ማዋረድ ግን ነውር አልነበረም።

ያን ከሰዓት በኋላ የማውቀውን ብቸኛ ሥራ ሠራሁ። ምሕረትን ይዤ የወሬውን ምንጭ ፍለጋ ወጣሁ። ቆርቆሮ ሠሪው ቤታቸው ነበሩ። "እኔ ከባለቤቴ ነው የሰማሁት" አሉ ሳያቅማሙ። ባለቤታቸውም፣ "እኔማ ኮረሪማ ልገዛ ሄጄ ነው፤ አስቴር ናት የነገረችኝ" አሉ። በሁለት እርምጃ ደረስን። የትኛውም ዜና እንዲህ በቀላሉ ተገኝቶልኝ አያውቅም።

እትዬ አስቴር ሱቃቸው በቤታቸው በር ላይ ነው። በኮረሪማ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው ጥምዝ ይለቅማሉ።

"እትዬ፣ ጅማ ልጅ አለው ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ምን ብዬ! አንተ ነህ እንጂ ያልከው።"

"እኔ?"

"በገዛ አፍህ! 'የሦስት ዓመት ወንድ ልጄን ከእናቱ ጋር ጥዬ ስወጣ ወደ ኋላዬ አላየሁም' አላልክም? 'ዛሬ ሌላ ልጅ ወድጃለሁ፤ እንዴት ብዬ ልንገራት' አላልክም? ቃል በቃል ልድገምልህ?"

ደገሙልኝ። አንዲት ቃል አልሳቱም። እኔም ቀስ በቀስ ገባኝ። ቅዳሜ ከሰዓት የማቀርበው ዝግጅት የአድማጮች ደብዳቤ የሚነበብበት ነው። አለቃዬ ደብዳቤ ሲነበብ አንድ ቃል እንዳይለወጥ አጥብቆ ያዝዝ ነበር፤ ጸሐፊው "እኔ" ካለ "እኔ" ይባላል። መጀመሪያ ላይና መጨረሻ ላይ የአድማጭ ደብዳቤ መሆኑን እንናገራለን። ይበቃል ብለን ነበር።

"እትዬ፣ ያ የአድማጭ ደብዳቤ ነው። ሲጀመር ተናግሬያለሁ።"

"ሲጀመር ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ስገባ አንተ ታለቅሳለህ።"

"አላለቀስኩም!"

"ድምፅህ ተንቀጥቅጧል።"

"እሺ፣ ሲያልቅስ? ሲያልቅም ተናግሬያለሁ።"

"መብራት ጠፋ" አሉ እትዬ አስቴር።

ምሕረት የኮረሪማው ከረጢት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እትዬ አስቴር አንዴ እሷን አንዴ እኔን ሲያዩ ቆዩና መልቀሚያው ሰፌድ ከእጃቸው ወደቀ። "ኢየሱስ!" አሉ። "ምን አደረግሁ?"

ሰኞ ጠዋት ከጋሽ ወልዴ ጋር ስልክ ቤት ሄድን። ጣቢያው ደወልኩና የሥራ ባልደረባዬ ያን ደብዳቤ ከፋይሉ እንዲያወጣው ለመንኩት። አወጣው። ስልኩን ለጋሽ ወልዴ ሰጠኋቸው። ደብዳቤው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነበበላቸው፤ የተላከበት ከተማም ተነገራቸው፤ ጅማ እንኳን አልነበረም። አዳመጡ፣ አመሰገኑና ስልኩን አስቀመጡ።

"ገባኝ" አሉ። "ማስታወቂያው ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ይነበባል።"

"የባለፈውስ?"

"የባለፈው ምን?"

"ተቃውሞው ስህተት እንደነበረ አይነገርም?"

"ዳንኤል፣ ምእመናኑን አንረብሽ። ጉዳዩ አልቋል።"

"ለእኔ አላለቀም። የሰው ስም በተነሣበት መድረክ ላይ ነው የሚስተካከለው።"

ኮፍያቸውን አደረጉ። "እኔ ውሸት አልተናገርኩም" አሉ። "ተቃውሞ ቀርቧል ነው ያልኩት። አልቀረበም?"

ቀርቧል። እውነት ተናግረዋል። ስህተት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚያዋርድ የተማርኩት በስልክ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። በጣቢያችን አንድ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ስም አሳስቼ በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ፣ ይቅርታ ብዬ እንዳነብ ተደርጌያለሁ። ለቀበሌ ስም! ለእኔ ለሰውየው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፋ።

ሰኞ ከሰዓት ወደ ጅማ ተመለስን። እትዬ ዘነበች ማዞሪያው ድረስ ሸኙን። ታክሲው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ትከሻዬን ያዙና፣ "ማስታወቂያውንም ሠርጉንም ጅማ አድርጉት፤ እኔ እመጣለሁ" አሉኝ። መጡም። መረቁም። ጋሽ ወልዴም ከባለቤታቸው ጋር መጥተው፣ ከቦንጋ የመጣ ነጭ ማር ይዘው፣ ከፊት ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ቆዩ። ስለዚያ እሑድ ቃል አልተነፈሱም። በኋላም እኛ ከጅማ፣ እነሱ ከኮልፌ ተዛውረን ቤቴል ስንኖር፣ በየበዓሉ እየተጠያየቅን፣ ልጆቼን ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ፣ አንድም ቀን አላነሡትም። ከሠርጋችን አሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ አንድ ምረቃ ላይ አንዲት የኮልፌ ሴት አጠገቤ ተቀምጠው፣ "የጅማው ልጅህ መቼም አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል" አሉኝ። በቅንነት ነው የጠየቁኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ከድንኳኑ ጀርባ እጄን ያቆመው ይህ ነው። ሆኖም ጻፍኩ። ለሟች የሚጻፍ ወረቀት የራስን ሒሳብ ማወራረጃ አይደለም። የትውልድ መንደራቸውን፣ ንግዳቸውን፣ ያሳደጓቸውን የወንድማቸውን ልጆች፣ በቤተ ክርስቲያን ያገለገሉበትን ዘመን አሰፈርኩ። እያንዳንዱን ከሁለት ሰው አጣራሁ። ረቡዕ ጠዋት ፍራሽ ላይ ለተቀመጡት ለእትዬ አስቴር ሄጄ አነበብኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አሁንም ቃል አይስትም።

"የዚያን እሑድ ነገር አልጻፍከውም" አሉ።

"ለዛሬ የሚሆን አይደለም እትዬ።"

"ጻፈው። አርምና ጻፈው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሱ ዝም ያለው ማነው የተናገረው ሲባል ስሜ እንዳይነሣ ነው። 'ሚስቴን በሰው ፊት አላቆምም' አለኝ። ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለህ።"

ምክንያቱን ሳውቅ ንዴቴ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። አልበረደም። ምንጭን መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የኖርኩበት ነው። ግን ማን እንዳሳሳተ ሳይጠራ ስህተት ነበር ማለት ይቻላል። ሁለት ቃል ነው። ይህንን ግን በጥቁር ልብስ ፍራሽ ላይ ለተቀመጡ ሴት መናገር አልችልም፤ ለጋሽ ወልዴ ደግሞ ጊዜው አልፏል። 

ምሕረት አጠገባቸው ነበረች። "እንዳሉት ጻፈው" አለችኝ።

በሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ጨመርኩ፦ "ጋሽ ወልዴ በአንድ ወቅት በአንድ ወጣት ላይ የቀረበን ተቃውሞ ከዚህ መድረክ አስታውቀው፣ በማግስቱ ግን ተቃውሞው ስህተት እንደነበረ ራሳቸው አረጋግጠዋል። ስህተቱ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነበር ሲሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር በዛሬው ዕለት ይመሰክራሉ።" አነበብኩላቸው። በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጳውሎስም አንብቦ መለሰልኝ። አምስት ሰዓት ላይ ሁለቱን ገጽ ለኮልፌው ቤተ ክርስቲያን ቢሮ አስረከብኩ፤ አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀረሁ።

የድሮው አዳራሽ ፈርሶ በዚያው ቦታ ላይ በብሎኬት ተሠርቷል። ስምንት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ገባ። ከመዝሙሩ በኋላ የማላውቀው ወጣት ወንጌላዊ መድረኩ ላይ ቆሞ የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ጀመረ። ቅጂውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ተከተልኩት። የመጀመሪያው አንቀጽ እንደጻፍኩት ተነበበ። ሁለተኛውም። ከሦስተኛው አንቀጽ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አልተነበቡም።